መሪው ሲጠላ እጩው የት ይቁም?

ጥያቄ፦ «ለምክር ቤት የሚወዳደር አንድ እጩ በቅስቀሳ ሥራው አግዛለሁ። የፓርቲያችን መሪ በሕዝብ ዘንድ ክፉኛ ተጠልቷል። ምርጫው አራት ወር ቀርቶታል። ግማሾቻችን የመሪውን ፎቶ ከበራሪ ወረቀቶቻችን ላይ አስወግደን በይፋ እናውግዘው እንላለን፤ ከተጠላ መሪ የራቁ እጩዎች ይተርፋሉ ሲባል እንሰማለንና። ሌሎቻችን ደግሞ ይህ ክህደት ነው፣ ይልቅ ፓርቲው መሪውን ቢቀይር ይሻላል እንላለን። ለመሆኑ መራቅ ያድናል? የሚያድን ከሆነስ እንዴት ነው የሚደረገው?»

ምላሽ፦ «የራቁ ይተርፋሉ» የሚለው አባባል ነገሩን ገልብጦ የያዘ ነው። የተረፉትን እጩዎች አንድ በአንድ ቢመረምሩ አብዛኞቹ የተረፉት በምርጫው ዋዜማ ስለራቁ አይደለም። ቀድሞውኑ፣ መሪው ገና ሳይጠላ፣ በሥራቸውና በሰጡት ድምፅ የተለዩ ስለነበሩ ነው። በዋዜማው የራቁት ብዙዎቹ ከመሪው ጋር አብረው ወድቀዋል። በጥያቄዎ ውስጥ ደግሞ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለዋል። አንዱ መደበቅ ነው፤ ፎቶውን ማስወገድ፣ ስሙን አለመጥራት። ሁለተኛው መለየት ነው፤ በአንድ ተጨባጭ ጉዳይ አልስማማም ብሎ በዚያ መጽናት። ሦስተኛው ማውገዝ ነው፤ መሪው አይበጅም፣ ይውረድ ማለት። የሚያስከፍሉት ዋጋም የሚያመጡት ጥቅምም የተለያየ ስለሆነ ለየብቻ እንመልከታቸው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተጠላ መሪ እጩውን ይዞ የሚወርደው አብዛኛው መራጭ እጩውን በቅርብ ስለማያውቀው ነው። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ከእጩው ስም አጠገብ የፓርቲው ስም አለ፤ የፓርቲው ስም ሲነበብ ደግሞ የሚታወሰው የመሪው ፊት ነው። ጉዳቱ የሚመጣው በሁለት በኩል ነው። መሪውን የጠላው ሰው ተቆጥቶ ለተፎካካሪው ይመርጣል፤ ይህ በግልጽ ይታያል። የፓርቲው የቆየ ደጋፊ ደግሞ ቅር ብሎት ከቤቱ ይቀራል፤ ይህ በስብሰባም በጎዳናም አይታይም፣ የሚታወቀው ድምፅ ሲቆጠር ነው። የቅስቀሳ ቡድኖች የመጀመሪያውን ፈርተው ሁለተኛውን ይረሱታል። ማውገዝ የመጀመሪያውን ቁጣ በጥቂቱ ሊያበርድ ይችላል፤ ሁለተኛውን ግን ያባብሰዋል። ሚዛኑ የሚዛባው እዚህ ላይ ነው።

ከሁለቱም በላይ የሆነ ሌላ ነገር አለ፤ እሱም ሥልጣኑን ማን ይይዛል የሚለው ጥያቄ ነው። የመራቅን ወሰን ከሊንከን ቻፊ በላይ የሚያሳይ ሰው አላውቅም። ቻፊ በአሜሪካ የሮድ አይላንድ ግዛት ሪፐብሊካን ሴናተር ነበር። በ2002 ለኢራቅ ጦርነት ፈቃድ ሲሰጥ ከሪፐብሊካን ሴናተሮች መካከል ተቃውሞ ድምፅ የሰጠው እሱ ብቻ ነው። በ2004 ለራሱ ፓርቲ ፕሬዚዳንት ለጆርጅ ቡሽ ድምፁን ነፍጓል፤ ይህንንም አልደበቀም። ከዚህ በላይ መራቅ አይቻልም። በ2006 ግን ተሸነፈ። ያን ቀን ድምፅ ሰጥተው ሲወጡ ከተጠየቁት መራጮች ከ60 በመቶ የሚበልጡት የቻፊን ሥራ እንደሚደግፉ ተናግረው ነበር። ሰውየውን ወደውታል፤ ነገር ግን የእሱ መቀመጫ ሴኔቱን በቡሽ ፓርቲ እጅ እንዲያቆየው አልፈለጉም። ሴኔቱም በዚያ ምርጫ 51 ለ49 በሆነ ልዩነት ከሪፐብሊካን እጅ ወጣ። እጩዎ ይህን ገና ከአሁኑ ማወቅ አለበት፤ ማዕበሉ ከበረታ ምንም ቢያደርግ ላይተርፍ ይችላል።

አሁን ወደ መደበቅ እንሂድ፤ ብዙ ቡድኖች የሚጀምሩት ከዚህ ነው። መደበቅ ችግሩ ፓርቲው ከወረቀቱ ላይ ቢጠፋም ከመራጩ አእምሮ አለመጥፋቱ ነው። በ2024 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ድንገተኛ የምክር ቤት ምርጫ ሲጠሩ የራሳቸው ወገን እጩዎች ብዙዎቹ ፖስተራቸው ላይ የፕሬዚዳንቱን ፎቶ አላወጡም። የወገኑ መቀመጫ ከ245 ወደ 160 ገደማ ወረደ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ ሮበርት ላርጋን የተባለ የወግ አጥባቂው ፓርቲ እጩ በማኅበራዊ ሚዲያ ማስታወቂያዎቹ የተፎካካሪ ፓርቲዎችን ቀለምና ስም እስከመጠቀም ደረሰ። መቀመጫውን አጣ፤ ዘመቻውም የሚታወሰው በዚያ ማስታወቂያ ሆነ። እነዚህ ሰዎች የወደቁት በፎቶ ምክንያት ነው አልልም፤ ፎቶ ቢያወጡም ባያወጡም ብዙዎቹ ይወድቁ ነበር። የምለው ፎቶ ማስወገድ ድምፅ አያስገኝም ነው። ጉዳት እንዳይኖረው ደግሞ በጸጥታ መደረግ አለበት፤ አዲሱ ወረቀት የእጩውን ፊትና የአካባቢውን ጉዳይ ይዞ ይወጣል፣ ስለቀረው ፊት ማንም አንድ ቃል አይናገርም።

መደበቅ የሚፈርሰው በአንድ ጥያቄ ነው። «መሪዎን ይደግፋሉ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ ካሜራ ፊት ይመጣል። በ2014 በኬንታኪ ግዛት አሊሰን ግራይምስ የተባለች የዴሞክራቲክ ፓርቲ እጩ ከሚች ማኮኔል ጋር ለሴኔት ስትወዳደር፣ በግዛቷ የተጠሉት የፓርቲዋ ሰው ፕሬዚዳንት ኦባማ ነበሩ። አንድ ጋዜጣ ቢሮ ውስጥ ከአዘጋጆች ጋር ተቀምጣ ለኦባማ ድምፅ ሰጥታ እንደሆነ ተጠየቀች። አልመለሰችም፤ ወደ ሌላ ነገር አሻገረችው። ደግመው ጠየቋት፤ አሁንም አልመለሰችም። በ2012 የፓርቲው ጉባኤ ኦባማን በእጩነት ሲያጸድቅ ልዑክ ሆና የተቀመጠች ሰው ናት፤ መልሱን አገር ያውቀዋል። ከዚያ ቀን በኋላ የተወራው ስለ ሥራ ዕድል ወይም ስለ ማኮኔል ሳይሆን ስለዚያ ዝምታ ነው። ከ15 ነጥብ በሚበልጥ ልዩነት ተሸነፈች።

ከግራይምስ ጎን ሱዛን ኮሊንስን ያስቀምጡ። በ2020 በሜይን ግዛት የምትወዳደር ሪፐብሊካን ሴናተር ነበረች፤ ዶናልድ ትራምፕ በግዛቷ በ9 ነጥብ ገደማ ተሸንፏል። እሷም ለትራምፕ ድምፅ ትሰጥ እንደሆነ ደጋግማ ተጠይቃ አልመለሰችም። ዝምታው ያው የግራይምስ ዝምታ ነው። እሷ ግን ከ8 ነጥብ በሚበልጥ ልዩነት አሸነፈች። ልዩነቱ ከዝምታው በስተጀርባ ያለው ነው። ኮሊንስ ከ1997 ጀምሮ ሴኔት ውስጥ ነበረች። በ2017 ፓርቲዋ የኦባማን የጤና መድን ሕግ ለመሻር ሲነሳ አሻፈረኝ ካሉት ሦስት ሪፐብሊካን ሴናተሮች አንዷ ነበረች። ምርጫው ሊደረግ ስምንት ቀን ሲቀረው የትራምፕ እጩ ዳኛ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስትሾም ከፓርቲዋ ተለይታ የተቃወመችው እሷ ብቻ ነበረች። መራጩ ዝምታዋን የሞላው በሥራ መዝገቧ ነው። ግራይምስ ግን በሴኔት የሰጠችው አንድም ድምፅ ስላልነበረ ዝምታዋን መራጩ በጥርጣሬ ሞላው። ከዚህ ርዕስ አንድ ነገር ብቻ ይያዙ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው፤ ከመሪ መራቅ የሚለካው በተናገሩት ሳይሆን ቀኑ ተጽፎ በተመዘገበ ድርጊት ነው።

ማውገዝን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፦ አራት ወር በቀረው ጊዜ አያድርጉት። በጥቅምት 2016 በኔቫዳ ግዛት፣ በላስ ቬጋስ፣ ጆ ሄክ የተባለ ለሴኔት የሚወዳደር ሪፐብሊካን በራሱ ደጋፊዎች ሰልፍ ፊት ቆመ። ትራምፕ ስለ ሴቶች የተናገረው ድምፅ በቀረጻ ከወጣ አንድ ቀን ሆኖት ነበር። ሄክ ከእንግዲህ ትራምፕን ልደግፍ አልችልም ሲል ከፊቱ የቆሙት፣ ለእሱ ቤት ለቤት የሚዞሩት ሰዎች፣ በጩኸት አጣጣሉት። በምርጫው ቀን ሄክ ያገኘው ድምፅ በመቶኛ ሲሰላ ትራምፕ ራሱ በዚያው ግዛት ካገኘው ያንሳል። ከተቃራኒ ወገን ይመጣል ያለው ሰው አልመጣም፤ ከራሱ ወገን የነበረው ግን ተነሳ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም የሚባለው ለዚህ ነው። የሕሊና ጉዳይ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ሄክ ያደረገው ትክክል ነው ብሎ የሚያምን ሰው ይኖራል፣ እኔም አልከራከረውም። እንደ ድምፅ ማሰባሰቢያ ስልት ግን ኪሳራ ነው፤ ሁለቱን አያምታቱ።

ሰውየውን ሳያወግዙ በአንድ ጉዳይ ብቻ መለየት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማየት 1968ን ይመልከቱ። ሁበርት ሃምፍሪ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የሊንደን ጆንሰን ምክትል እያለ ነበር ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደረው። የቬትናም ጦርነት ጆንሰንን አስጠልቶታል፤ ሃምፍሪ በሄደበት ሁሉ ተቃዋሚዎች ንግግሩን በጩኸት ያቋርጡታል። በመስከረም መጨረሻ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ተፎካካሪውን ሪቻርድ ኒክሰንን 43፣ ሃምፍሪን 28 በመቶ ላይ አስቀመጣቸው። መስከረም 30 ሃምፍሪ ከሶልት ሌክ ሲቲ በቴሌቪዥን ንግግር አደረገ። ከፊቱ ባለው አትሮኖስ ላይ የምክትል ፕሬዚዳንቱ ማኅተም አልነበረም፤ የሚናገረው እንደ እጩ እንጂ እንደ ጆንሰን ምክትል አለመሆኑን ለማሳየት ነው። ጆንሰንን አልሰደበም። ለሰላም ሲባል በሰሜን ቬትናም ላይ የሚወርደውን ቦምብ ለማቆም ዝግጁ ነኝ አለ፤ አንድ ጉዳይ፣ አንድ አቋም። ጩኸቱ ቀነሰ፣ ገንዘብ መግባት ጀመረ፣ ልዩነቱ ሳምንት በሳምንት ጠበበ። በመጨረሻ የተሸነፈው ከአንድ ነጥብ በታች በሆነ ልዩነት ነው። ንግግሩ የተደረገው ምርጫው አምስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነበር። በነሐሴ ቢያደርገው ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ማንም በእርግጠኝነት አይመልሰውም፤ እኔ ግን ያሸንፍ ነበር ባዮች ነኝ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። መሪው በእርግጥ በእርስዎ የምርጫ ክልል ተጠልቷል ወይ? በአገር ደረጃ መጠላትና በአንድ ክልል መጠላት አንድ አይደሉም። ሰውየው መጠላቱና ሥራው መጠላቱም አንድ አይደሉም። በ2000 ምክትል ፕሬዚዳንቱ አል ጎር ከፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ርቆ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ፤ ምክንያቱ የክሊንተን የግል ነውር ነው። ነገር ግን በሥራቸው ደስተኛ የነበረው ሕዝብ 60 በመቶ ገደማ ነበር፤ ኢኮኖሚውም አድጎ ነበር። ጎር ከነውሩ ለመሸሽ ሲል ከስኬቱም ሸሸ። ስለዚህ ቡድንዎ ጥቂት መቶ ሰዎችን በአግባቡ መርጦ ሁለት ጥያቄ ለየብቻ ይጠይቅ፦ መሪውን እንዴት ያዩታል? ከሠራቸው ሥራዎች የትኞቹን ይደግፋሉ፣ የትኞቹን ይቃወማሉ? የሁለተኛው መልስ እጩዎ በምን ጉዳይ እንደሚለይ ይነግራችኋል።

የግል ስም ምን ያህል ይረዳል ለሚለው፣ በግንቦት 2024 በእንግሊዝ የተደረገው የከንቲባዎች ምርጫ ጥሩ መለኪያ ነው። ሁለት የታወቁ የወግ አጥባቂው ፓርቲ ከንቲባዎች፣ በቲስ ቫሊ ቤን ሁቸን፣ በዌስት ሚድላንድስ አንዲ ስትሪት፣ ሁለቱም ከፓርቲያቸው ይልቅ በራሳቸው ስም ተወዳደሩ። ሁቸን ውጤቱ ሲነገር የፓርቲውን ሰማያዊ ምልክት ደረቱ ላይ ሳያደርግ ነው የቀረበው። አሸነፈ፤ ነገር ግን ከሦስት ዓመት በፊት 73 በመቶ የነበረው ድምፁ ወደ 54 ወረደ። ስትሪት በ1,508 ድምፅ ተሸነፈ። ሁለቱም ለዓመታት በአካባቢያቸው ሠርተው ያፈሩት ስም ነበራቸው፤ ያ ስም ውድቀቱን አለሰለሰላቸው እንጂ አላስቀረላቸውም። አንዱን ያዳነው ከከፍታ መነሳቱ ነው። ለአካባቢው የሚታወቅ ሥራ የሌለው እጩ ደግሞ ይህ ትራስ እንኳ የለውም።

«ፓርቲው መሪውን ቢቀይርስ?» የሚለው የባልደረቦችዎ ሐሳብ አንዳንድ ጊዜ በደንብ ይሠራል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ፓርቲ ያፈርሳል። በኅዳር 1990 የእንግሊዝ ወግ አጥባቂዎች ማርጋሬት ታቸርን አውርደው ጆን ሜጀርን ተኩ። በወራት ውስጥ ሕዝቡን ለአመፅ ያነሳሳው የነፍስ ወከፍ ግብር እንደሚቀር ተነገረ። ሜጀር ምርጫ የገባው በሚያዝያ 1992 ነው፤ አሸነፈ። በካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ጀስቲን ትሩዶ በጥር 2025 እንደሚለቅ ሲያስታውቅ ፓርቲው በአስተያየት ጥናቶች ከ20 ነጥብ በላይ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ተተኪው ማርክ ካርኒ በመጋቢት ሥልጣን በያዘበት ዕለት የመጀመሪያ ሥራው ሸማቹ ላይ የተጣለውን፣ ሕዝብ የጠላውን የካርቦን ክፍያ ማንሳት ሆነ። በሚያዝያ ከ343 መቀመጫ 169 አግኝቶ መንግሥት መሠረተ። የአሜሪካ የቀረጥ ዛቻ እንደረዳው አይካድም፤ ትሩዶ ባይለቅ ግን ዛቻው ብቻውን ያድነው ነበር ብሎ የሚከራከር ብዙ ሰው የለም። በሁለቱም አገር ፊቱ ሲቀየር የተጠላው ፖሊሲም አብሮ ወጥቷል።

እዚያው ካናዳ ውስጥ በ1993 የሆነው ግን ሌላ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ብራያን መልሩኒ ለቀው ኪም ካምቤል በሰኔ ተተካች፤ ምርጫው በጥቅምት ነበር። ሕዝብ የጠላው የሽያጭ ግብር ባለበት ቀጠለ። በ1988 ምርጫ 169 መቀመጫ ያሸነፈው ፓርቲ 2 መቀመጫ ይዞ ወጣ። ጃፓን ውስጥ ገዥው ፓርቲ ይህንኑ ስልት ደጋግሞ ሞክሯል። በ2021 ጠቅላይ ሚኒስትር ሱጋ ወርደው ኪሺዳ ሲተኩ ፓርቲው ብቻውን አብላጫ ድምፅ አገኘ። በ2024 ኪሺዳ ወርደው ኢሺባ ሲተኩ ግን በገንዘብ ቅሌት የተነካኩ ሰዎችን እጩ አላደርግም ብሎ ቆይቶ፣ እነሱ ለሚመሩአቸው ቅርንጫፎች ለእያንዳንዳቸው 20 ሚሊዮን የን መላኩ ድምፅ ሊሰጥ ቀናት ሲቀሩ ተጋለጠ። በአፍ የራቀውን በባንክ ቀርቦት ተገኘ ማለት ነው። ፓርቲው ከጥምር አጋሩ ጋር እንኳ አብላጫውን አጣ። አራት ወር ለቀረው ፓርቲ እንግዲህ መሪ መቀየር የሚያዋጣው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦ መሪው ራሱ ለመልቀቅ ሲስማማ፣ ተተኪው ላይ ጠብ ከሌለ፣ አዲሱ ሰው የተጠላውን ፖሊሲ በመጀመሪያው ሳምንት ለማንሳት ከተዘጋጀ። አንዱ ከጎደለ መፈንቅሉ ራሱ ሌላ ቅሌት ይሆናል። ደግሞም አንድ የምክር ቤት እጩ ይህን ብቻውን ሊወስን አይችልም፤ ስለዚህ ዘመቻችሁን በዚህ ተስፋ ላይ አትገንቡ።

ፓርቲውን ጥሎ መውጣትን አልጠቀሳችሁም፤ ግን የሚያነሳው ሰው ስለማይጠፋ በአጭሩ ልመልሰው። በ2002 በኬንያ ፕሬዚዳንት ሞይ ተተኪያቸው ኡሁሩ ኬንያታ እንዲሆን ሲወስኑ እነ ራይላ ኦዲንጋ ከገዥው ፓርቲ ከካኑ ወጥተው ከተቃዋሚዎች ጋር ተባበሩ፤ የጥምረቱ እጩ ምዋይ ኪባኪ በ62 በመቶ አሸነፉ። በደቡብ ኮሪያ ግን ፕሬዚዳንት ፓርክ ግኡን ሄ በተከሰሱ ጊዜ ከፓርቲያቸው የወጡት 30 ገደማ የምክር ቤት አባላት የራሳቸውን ፓርቲ መሠረቱ፤ በግንቦት 2017 ምርጫ እጩአቸው 7 በመቶ እንኳ አልሞላም፣ የነባሩ ፓርቲ እጩ 24 በመቶ አገኘ። ምርጫው ቀናት ሲቀሩት ከአባላቱ አሥራ ምናምኑ ወደ ለቀቁት ቤት ተመለሱ። የኬንያዎቹ የወጡት በአንድነት ነው፤ የሚገቡበትም ሰፊ ጥምረት ነበራቸው። ብቻውን የሚወጣ እጩ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ክህደት ነው ወይ ለሚለው፣ መልሴ በጊዜው ይወሰናል ነው። ጄፍሪ ሃው በታቸር ካቢኔ ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለ11 ዓመታት ያገለገለ ሰው ነው። በአውሮፓ ጉዳይ መቀጠል ሲያቅተው በ1990 ሹመቱን ለቀቀ፤ ከዚያ በኋላ ነው በምክር ቤት ቆሞ ምክንያቱን የተናገረው። መጀመሪያ ወንበሩን ሰጠ፣ ቀጥሎ ተናገረ። አንዳንዶች ከሃዲ ብለውታል፤ እኔ አልለውም። ወንበሩን፣ መኪናውን፣ የፓርቲውን ገንዘብ ይዞ፣ የመሪው ስም ሊያስነቅፈው ሲጀምር ብቻ ድምፁን የሚያሰማ ሰው ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባልበታል፤ መራጩም ይህን ለመለየት ትምህርት አያስፈልገውም። የምክር ቤት አባል ታማኝነቱ ለመሪው ብቻ አይደለም፤ ለላኩት ሰዎችም ነው። በአንድ ጉዳይ መለየት ስለዚህ ክህደት ሳይሆን የሥራው አካል ነው። ካቢኔ ውስጥ ያለ ሰው ግን የጋራ ኃላፊነት ስላለበት ወይ ውስጥ ሆኖ ይከራከራል፣ ወይ ይለቅቃል። መካከለኛ መንገድ የለውም።

አንድ ወሰን ልጨምር። እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚሠራው መራጩ የእጩውን ስም አይቶ በሚመርጥበት ሥርዓት ነው። መራጩ ለፓርቲ ብቻ ድምፅ የሚሰጥበትና ዝርዝሩን ፓርቲው በሚያወጣበት የተመጣጣኝ ውክልና ሥርዓት፣ የግል መራቅ ለእጩው ምንም አያተርፍም፤ በዝርዝሩ ላይ ወደ ታች ከመውረድ በስተቀር። እጩ የመሰየም ሥልጣን በመሪው እጅ ባለበት ፓርቲም ቢሆን ከስያሜው በፊት የተናገሩት ነገር እጩነቱን ሊያስነጥቅ ይችላል።

ስለዚህ እጩዎ ይህን እንዲያደርግ አጥብቄ እመክራለሁ። መሪውን አያውግዝ፤ አይደብቀው፤ በአንድ ጉዳይ ይለይ። ጉዳዩ የክልሉን ሰው ኑሮ በቀጥታ የሚነካ፣ ሲጠየቅ በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚገለጽ ይሁን። እጩዎ አሁን የምክር ቤት አባል ከሆነ በዚያ ጉዳይ የተለየ ድምፅ ሰጥቶ ያውቅ እንደሆነ ቃለ ጉባኤውን አገላብጡ፤ ካለ እሱን አውጡት፣ ከሌለ ምክር ቤቱ ሳይዘጋ የሚሰጥበት አጋጣሚ ይፈልግ። አዲስ እጩ ከሆነ አቋሙን በጽሑፍ፣ ቀን አስቀምጦ፣ በዚህ ሳምንት ያውጣ። ከመናገሩ ከአንድ ቀን በፊት ለመሪው ጽሕፈት ቤት ያሳውቅ። ብዙ መሪዎች የራሳቸውን ስሌት ስለሚያውቁ ይታገሳሉ፤ ተለይቶ ያሸነፈ የፓርቲ አባል ከተሸነፈ ታማኝ ይሻላቸዋል። በጋዜጣ ሲያነቡት ግን ይቆጣሉ።

ለዚያ ለማይቀረው ጥያቄም መልሱን አሁኑኑ ያጥና። የሚያዋጣው ዓይነት ይህን ይመስላል፦ «አዎ፣ የፓርቲዬ መሪ ነው። በጤና ጣቢያዎች በጀት ከእሱ ጋር ቆሜያለሁ። በአዲሱ ግብር ግን አልተስማማሁም፤ ለምን እንዳልተስማማሁም በዚህ ቀን በጽሑፍ አሳውቄያለሁ።» መጀመሪያ እውነቱን ያምናል፣ ከዚያ የሚስማማበትን ይናገራል፣ በመጨረሻ የሚለይበትን። ለደጋፊውም ለተቆጣውም ሰው ይኸው አንድ መልስ ይሰጥ፤ ለአንዱ ሰፈር አንድ፣ ለሌላው ሌላ የሚናገር እጩ ሁለቱም ቃሎቹ በስልክ ተቀርጸው በአንድ ቪዲዮ ይገናኛሉ። የድሮ ፎቶዎችንም ከማኅበራዊ ሚዲያ ገጹ ላይ አያጥፋ፤ ቅጂው ተፎካካሪው ዘንድ አለ፣ ዜና የሚሆነው መጥፋቱ ነው። አንዴ ከተለየ በኋላም አቋሙን አያወላውል። በኒው ሃምፕሻየር የ2016 የሴኔት እጩ ኬሊ አዮት ትራምፕ ለልጆች አርአያ ይሆናል ወይ ተብላ በክርክር መድረክ አዎ አለች፤ በሰዓታት ውስጥ ተሳስቻለሁ አለች፤ በአምስተኛው ቀን ድጋፏን ጨርሳ አነሳች። በ1,017 ድምፅ ነው የተሸነፈችው።

ከቅስቀሳው ጊዜ አብዛኛውን በየቤቱ ቅር ብለው ለተቀመጡት ደጋፊዎች ይስጥ። የሚፈልጉት መሪው ሲሰደብ መስማት አይደለም፤ ቅሬታቸውን ሰምቶ ምክር ቤት የሚያደርስላቸው ሰው እንዳለ ማወቅ ነው። መሪው ወደ ምርጫ ክልላችሁ ልምጣ ካለ ሰበብ አትፍጠሩ፤ አዳራሽ ውስጥ፣ ከፓርቲው አባላት ጋር ብቻ፣ ገንዘብ ለማሰባሰብ ይምጣ፣ እጩዎም ተገኝቶ እጁን ይጨብጥ። አደባባይ ልውጣ ካለ ግን ከሁለት ወር በፊት፣ በስልክ ሳይሆን ፊት ለፊት፣ እዚህ ቢመጡ እንደምንሸነፍ የሰበሰብነው መረጃ ያሳያል ብሎ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥለት።